አባቴ ሆዱን ያስጎበኘ ዕለት

አባቴ ኪዳነ ማርያም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፈረንሳዮችን የጎንደርን ግንቦች ሲያስጎበኝ የኖረ ሰው ነው። ቋንቋውን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም። በወጣትነቱ ግድግዳ ሊለኩና ሊስሉ የመጡ ባልና ሚስት ፈረንሳዮች መሰላል ተሸካሚ አድርገው ቀጠሩት፤ ሦስት ዓመት መሰላል ሲሸከም ቆይቶ መሰላሉን ሲያስረክብ ፈረንሳይኛውን ይዞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፈረንሳይኛ በቤታችን እንደ በኩር ልጅ ነው። እኔ ዝማሬ ሁለተኛ ነኝ።

ምን ዓይነት ፈረንሳይኛ እንደሆነ ግን ልናገር፤ እኔም ከመስማት ብዛት ጥቂት ቃል ለቅሜያለሁ። ንጉሥ፣ ዘመን፣ በር፣ ማማ፣ ኖራ፣ ፍርስራሽ፣ እድሳት። «ደረጃው ያዳልጣል፣ ይጠንቀቁ።» «እዚህ በፍላሽ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።» በዚህ ሠላሳ ዓመት እንጀራ መብላት ይቻላል፣ በልቶበታልም። ቱሪስቱ በኮሮና ቀነሰ፣ በጦርነቱ ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። አባቴ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጫማውን አስጠርጎ የግንቡ በር ላይ ይቆማል። የሚያናግረው ሲያጣ የባጃጅ ሾፌሮችን «ቦንዡር» ይላቸዋል። እነሱም ክፉ ሰው እንዳልሆነ ስለሚያውቁ አይቀየሙትም።

እኔ ነርስ ነኝ። ባለፈው ኅዳር የምሠራበት ክሊኒክ ከፈረንሳይ የመጡ ሐኪሞች ለሁለት ሳምንት በነፃ ሊያክሙ ገቡ። አባቴ ይህን የሰማ ቀን ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ፤ የቀረው ነገር ቢኖር መታመም ብቻ ነበር። እሱም አልዘገየም።

ማክሰኞ አምባ ጊዮርጊስ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ ሆዱን ያዘው። ለማንም አልተናገረም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት አሳምሮ ያውቀዋል፤ የሚተርተው ግን ለሌላ ሰው ነው። ሐሙስ ጠዋት እናቴ እታገኘሁ «አባትሽ ቁርስ አልቀመሰም፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሄደው» ብላ ደወለችልኝ። ሐኪም ቤት ሂድ ሲባል ሁልጊዜ «ጠበል እያለ» የሚለው ሰው ያን ዕለት ያለ ክርክር ተነሳ። ሐኪሞቹ ጀርመኖች ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው ጥቁር ለብሼ ነበር።

ኮቱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ የአስጎብኚነት መታወቂያውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። እስከ በሩ ድረስ እናቴ ደግፋው ነበር፤ ደጃፉ ላይ ሲደርስ እጇን ገፋ አድርጎ ቀጥ አለ። እኔ እንግሊዝኛ ስለምችል ላስተርጉምልህ አልኩት።

«አስተርጓሚ?» አለኝ። «ለእኔ?»

ወጣቷ ሐኪም ምን እንዳመመው በፈረንሳይኛ ጠየቀችው። አባቴም እንደ አገራችን ወግ አስቀድሞ ስለ ጤንነቷ፣ ስለ ወላጆቿና ስለ መንገዷ ጠየቀና «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አላት። ጻፈችው! «ደህና ነኝ» ብላ ጻፈችው።

ከዚያ ጉብኝቱ ተጀመረ። አባቴ አንድ እጁን ዘርግቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለሃያ ሰው እንደሚናገር ሆኖ ሆዱን ያስጎበኝ ጀመር። ሐኪሟ ግራ ተጋብታ ወደ እኔ ዞረችና በእንግሊዝኛ «አባትሽ ከታችኛው ፎቅ፣ ከማማው ሥር፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ውድመት ደርሷል ነው የሚሉት?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ምን ልበላት?

«የእንግሊዝ ቦምብ ነው የሚመስለው ይላሉ።»

«እሱን እንኳ ተይው።»

ይሄ ሁሉ ባልከፋ ነበር። የከፋው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አስጎብኚ ሲናገር ቀኝና ግራ የራሱ አይደለም፣ የእንግዳው ነው። ፊቱን ወደ እንግዳው አዙሮ «ወደ ግራዎ ሲመለከቱ» ይላል እንጂ «በእኔ በኩል» ብሎ አያውቅም። አባቴን የሚያመው በቀኙ በኩል ነው። ሐኪሟ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። እናም በሠላሳ ዓመት ልማዱ «ወደ ግራዎ» አላት። እሷም ግራ ብላ ጻፈች፣ አስተኛችው፣ ግራ ሆዱን ጫን አደረገችው። አባቴ እንግዳን ማረም ነውር ስለሆነ ዝም አለ። ቀኙንም በእግረ መንገድ ነካ አደረገችው። ግንባሩን ላብ ችፍ አለው፤ ፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም፣ እንዲያውም ፈገግ አለላት። የፈረንሳይ ሴት ፊት ይጩህ?

«ቀኙን ነው የሚያመው» አልኳት በእንግሊዝኛ፤ እሷ ግን ፈገግታውን አይታ አላመነችኝም። ያን ዕለት እንደ ደንቡ መብራት የለም፤ ጄነሬተሩ የሚሠራው ለቀዶ ጥገናው ክፍል ብቻ ስለሆነ አልትራሳውንድም ላቦራቶሪም ቆሟል። የቀራት የአባቴ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ከፈገግታ እስከ ለቅሶ ፊቶች የተሳሉበትን ወረቀት አወጣች። ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር አለው፤ በሽተኛው የሕመሙን መጠን ያመለክትበታል።

አባቴ ወረቀቱን በጥሞና መረመረና ጣቱን ሁለት ላይ አደረገ።

«አባዬ! ምነው?» ብዬ ጮህኩ። «ቆመህ መሄድ አቅቶህ!»

«ቀስ በይ» አለኝ በአማርኛ። «አስር የመድኃኔዓለም ነው፤ በችንካር ነው የቸነከሩት። ዘጠኝ የጊዮርጊስ ነው፣ ሰባት ዓመት ነው ያሰቃዩት። ስምንት የወላድ ነው፣ እናትሽ አንቺን ሁለት ቀን አምጣለች። ሰባትን ለጎረቤታችን ለአያ ተክለ ጊዮርጊስ ተይለት፤ እግሩን ያለ ማደንዘዣ ነው የቆረጡት። ከዚያ በታች ያለውም ባለቤት አያጣም። ለሆድ ቁርጠት ሁለት መቼ አነሰው?»

«እውነቱን እኮ ነው» አለች እናቴ። «በሰው ፊት አታዋርጂው።»

ሐኪሟን አባቴ እየዋሸ ነው አልኳት። እሷም በትሕትና፣ ከበሽተኛው ይበልጥ ሕመሙን የሚያውቅ እንደሌለ፣ የበሽተኛውን ቃል ማክበር እንዳለባት አስረዳችኝ። ሸጋ ትምህርት ነው፤ ጎንደሬ በሽተኛ እንዳልገጠማቸው ያስታውቃል። የሆድ ድርቀት ኪኒን መጻፍ ጀመረች። ኪኒኑን ይዞ ከተመለሰ፣ የጠረጠርኩት ትርፍ አንጀቱ ቢፈነዳ እንኳ ሁለተኛ ሐኪም ቤት እንደማይረግጥ አውቃለሁ። ፈራሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ወረቀቱን ከጠረጴዛው ነጥቄ ፊቱ ዘረጋሁት።

«አባዬ፣ ይሄ ሕመም አንተን ትቶ እኔን ቢይዘኝስ? አሁን አንተን እንደሚያምህ አድርጎ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ እኔን ቢያመኝ ስንት ትላታለህ?»

«ምነው እንዲህ ያለ ሟርት ታወሪያለሽ?»

«መልስልኝ።»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ጣቱ ሁለትን ለቀቀ። አያ ተክለ ጊዮርጊስን አለፈ፣ እናቴን አለፈ፣ ሰማዕቱንም አለፈና መጨረሻው ላይ፣ የሚያለቅሰው ፊት ላይ አረፈ።

«ይቅር ይበለኝ» አለ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞሮ አጭር ነገር በፈረንሳይኛ ተናገረ፤ እጁንም አልዘረጋ፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገ። እሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«‹ልጄ ብትሆን አስር ነው፤ እባክሽ ቶሎ ድረሺላት› አሉኝ።»

ተነስታ ቀኝ ሆዱን ስትጫነው አባቴ ጮኸ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ትርፍ አንጀቱ መቀደድ ጀምሮ ኖሯል፣ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አባቴ እንደሚወደኝ በአፉ ነግሮኝ አያውቅም። የተናገረ ቀንም ለእኔ አልነበረም፣ ለባዕድ ሴት በፈረንሳይኛ ነበር። ቀዶ ጥገናው ክፍል ገብቶ በሩ ሲዘጋ እኔ ጓንትና ፋሻ ከምናስቀምጥበት ክፍል ገብቼ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።