ደብተሬን ያረሙበት ቀን

ሊወስዱኝ የመጡት ጠዋት ነው። አባቴ ሐዲድ ሊጠግን ከወጣ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላውም ነበር። ጠመንጃ የያዙ ሦስት የቀበሌ ጠባቂዎች ገቡና ፍራሹን ገለበጡ፣ የእናቴን ሣጥን በረበሩ፣ የስኳሩን ጣሳ ሳይቀር መሬት ላይ ደፉት። ያገኙት አንድ ደብተር ነው። ከሦስቱ አንዱ የሰፈራችን ልጅ ነበር። ደብተሩን ገልጦ ወደ በሩ ብርሃን ዞር አለ። ዘቅዝቆ ነበር የያዘው።

«ይሄ የምን ጽሕፈት ነው?»

«ግሪክኛ።»

«የማን ነው ደግሞ እሱ?»

«የድሮ ቋንቋ ነው። ኮሌጅ የምንማረው።»

«የድሮ ከሆነ አሁን ማን ያነበዋል?»

ጫማዬን እንዳደርግ ፈቀዱልኝ። እናቴ ነጠላዋን ልትደርብልኝ ስትጠጋ አንዱ በሰደፍ ገፋ አደረጋት። ገፋ ብቻ ነው ያደረጋት፤ እሷ ግን እስክትሞት ድረስ ያንን ጎኗን ታሽ ነበር።

የታሰርኩበት ቤት አቃቂ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ያለ የእህል መጋዘን ነው። መሃሉን በቆርቆሮ ከፍለው ወንዶቹን ወዲያ፣ ሴቶቹን ወዲህ አድርገውናል። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር በተተወ ክፍተት ትንሽ ብርሃን ይገባል። ቤቱ ፉርሽካ ፉርሽካ ይሸታል፤ ከፉርሽካው ሥር ደግሞ ሽንት። የጅቡቲው ባቡር ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥና ከጣሪያው የቆየ የዱቄት ብናኝ ራሳችን ላይ ይራገፋል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። «በግራ ጎንሽ ተኚ፤ ሁላችንም በግራ ነው የምንተኛው» አለችኝ። ምን አድርገሽ ነው ብላ አልጠየቀችኝም።

ስለ ደብተሩ መናገር አለብኝ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የጥንት ግሪክኛ ትምህርት ስንጀምር ዘጠኝ ነበርን፤ በዓመቱ ሦስት ቀረን። ስድስቱ የሸሹት ቋንቋውን ሳይሆን መምህሩን ነው። መምህራችን በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ ኋላ አቴና ሄደው የተማሩ፣ ቡናማ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። የአንዲት ቃል ትርጉም ስንናገር «ከየት አመጣሽው?» ይላሉ። «ይመስለኛል» ብሎ የመለሰ ተማሪ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቆሞ ይቀራል። ከፊደል አናት ላይ የምትቀመጥ አንዲት የድምፅ ምልክት ከተረሳች ገጹን በሙሉ እንደገና ያስጽፉናል። መጀመሪያ ያስጠኑን ግስ «ሉኦ» የሚለውን ነው፤ እፈታለሁ ማለት ነው። ሌላው ግስ ሁሉ የሚረባው በእሱ አምሳያ ስለሆነ፣ ሉኦ፣ ሉኤይስ፣ ሉኤይ እያልኩ ከአቃቂ እስከ ኮሌጅ በአውቶቡስ እሄድ ነበር፤ ሰው የታመምኩ እየመሰለው ቦታ ይለቅልኛል። አንድ ቀን እሳቸው ፊት አለቀስኩ። መሐረብ እንኳ አልሰጡኝም። «ስትጨርሺ ከሦስተኛው መስመር ቀጥዪ» አሉኝ።

እጠላቸው ነበር። ትምህርቱን ግን አልተውኩም፤ በሰፈሬ ማንም የማያውቀውን ነገር ማወቅ ደስ ይለኝ ነበርና። መዘዙንም ያመጣው ይኸው ነው።

በዚያው ሰሞን በድብቅ ወረቀት ከሚያሰራጩ የፋብሪካ ልጆች ጋር እገናኝ ነበር። አምስት ናቸው። ስማቸውን በቃልሽ ያዢ፣ የትም እንዳትጽፊ ተብያለሁ። እኔ ግን ከቤት ሥራዎቼ መካከል አንድ ገጽ ላይ፣ በግሪክ ፊደል፣ ከነአባታቸው ጻፍኳቸው። አምስት ስም በቃል መያዝ አቅቶኝ አይደለም። ይህን የሚያነብ በአቃቂ ምድር የለም ብዬ ኮርቼ ነው።

በሁለተኛው ቀን፣ ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ደብተሩ የምስጢር ጽሑፍ ነው አሉ። ቤት ሥራ ነው አልኩ። ምስጢር ነው፤ ቤት ሥራ ነው፤ እንዲህ ስንባባል ቆየንና ሲብስብኝ «መምህሬን ጠይቁ» አልኩ። ስማቸውን ተናገርኩ። የሚያስተምሩበትንም ቦታ ተናገርኩ። ያኔ ያሰብኩት ዱላው እንዲቆም ብቻ ነው። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ሴቶቹ እግሬን በጨው ውሃ ሲያጥቡልኝ ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ተጠራሁ። በሩ ድረስ ሁለት ሴቶች ደገፉኝ፤ ከዚያ ግድግዳ ይዤ ሄድኩ። ከጠረጴዛው ኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ተቀምጧል። ዱሮ የፋብሪካ መግቢያ ሰዓት ይቆጣጠር የነበረ፣ ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሲመታኝም አይጮህም ነበር። ከፊቱ መምህሬ ተቀምጠዋል። ከክፍል ነው ያመጧቸው፤ የኮታቸው እጀታ ላይ የጠመኔ ዱቄት አለ። እግሬን አዩት። ሰላምታ አልሰጡኝም።

«መምህር፣ ስላስቸገርንዎት ይቅርታ» አለ ሊቀመንበሩ። «ይህን ደብተር እንዲያነቡልን ነው።»

መነጽራቸውን ጠረጉ። ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ።

«በእሱ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«የተማሪ ደብተር ሳላርም አላነብም።»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። «ይሁን፣ ያርሙ።»

ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። እያረሙ ጮክ ብለው ይተረጉማሉ። «እፈታለሁ። ትፈታለህ። ይፈታል። እንፈታለን።»

«ማንን ነው የምትፈቱት?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ማንንም። ሰዋስው ነው።»

«ይሄ ሁሉ ገጽ?»

«ይሄ ሁሉ ገጽ። እስካሁንም አልቻለችውም።»

ስህተቴን ከሥር ያሰምሩበታል፣ ትክክሉን ከላዩ ይጽፋሉ። ልክ እንደ ክፍል፣ ሳይቸኩሉ። ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ገጽ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። የትኛው ገጽ እንደሆነ ማየት አላስፈለገኝም። አምስት መስመር ነው። ለእሳቸው አምስት መስመር ማንበብ ምንም አልነበረም።

ቀና ብለው አዩኝ። ንዴት ነበረበት አስተያየታቸው። ከንዴቱ ሥር ሌላም ነገር ነበር፤ ምን እንደነበር ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።

«ወይዘሪት» አሉኝ በክፍል ድምፃቸው፣ «ይሄን የስም ርባታ ነው ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«አዎ፣ መምህር።»

«አንዱ እንኳ ልክ አይደለም። አንዱ እንኳ! ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር?»

የመጀመሪያውን ስም ሰረዙት። ሁለተኛውን ሰረዙት። አንዱን መስመር በሌላው ላይ እየደራረቡ፣ እየተጫኑ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ አምስቱንም ደለዟቸው። በላያቸው ላይ የማላውቃቸውን ቃላት ጻፉ። ከገጹ ግርጌ ዜሮ አኖሩና ከበቡት። ከዚያ ገጹን ገልጠው የሚቀጥለውን ማረም ጀመሩ፤ ድምፃቸው ያው ነው።

ሊቀመንበሩ እጁን ዘረጋና ደብተሩን ወሰደ። ገጾቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ግሪክኛ አያውቅም፤ ዓይን ግን ነበረው።

«ሌሎቹ ላይ ስህተቷን ከሥር ነው ያሰመሩበት» አለ። «እዚህ ላይ ደልዘውታል። ምን ብላ ነበር የጻፈችው?»

«የማይረባ ነገር።»

«የማይረባውን ይንገሩን።»

«ስህተት አይተረጎምም።»

ሊቀመንበሩ ደብተሩን ዘጋው። በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«አንተ ሽማግሌ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔን ሞኝ አድርገህ ነው የምታየኝ?»

እኔን ወደ ሴቶቹ መለሱኝ። እሳቸውን አስቀሯቸው።

ሦስት ቀን ከቆርቆሮው ወዲያ ነበሩ። የሚጠየቁትን ሰማሁ። «ቤት ሥራ ነው» ይላሉ። ከዚያ የዱላው ድምፅ ይመጣል። ከዚያ እንደገና፣ ቀጠን ባለ ድምፅ፣ «ቤት ሥራ ነው።» አንድ ጊዜ እንኳ «እሷን ጠይቋት» አላሉም። እኔ ግን ብዬ ነበር። ነፍሰ ጡሯ ሴት ጆሮዬን በሁለት መዳፏ ያዘችልኝ፤ ቢሆንም ይሰማል። ብናገር እሳቸው እንደዋሹ ይታወቃል፣ ልጆቹም ያልቃሉ። ዝም ብል እሳቸው ይመታሉ። ሁለቱን ሳገላብጥ ቀኑ ይመሻል። ዝም አልኩ። ሰዎች ይህን ስነግራቸው ጽናት ነው ይሉኛል። ጽናት አልነበረም። አፌ አልከፈት ብሎኝ ነው።

እሑድ ጠዋት ሁላችንንም ወደ ግቢው አወጡንና አንገታችንን ደፍተን መሬት ላይ እንድንቀመጥ አደረጉን። የማጋለጥ ቀን ነው ተባለ። ሊቀመንበሩ አስቀድሞ ለብቻዬ አስጠርቶኝ ነበር። «ልጅ ነሽ፤ አባትሽም ላብ አደር ነው። መምህሬ አዘውኝ ነው የጻፍኩት በይና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ» ብሎኛል። እናቴ ከአጥሩ ውጭ ቆማ እንደነበር አውቃለሁ፤ ስሜን ስትጠራ ሰምቻታለሁ።

መምህሬን በሁለት ሰው አስደግፈው አወጧቸው። ኮታቸው የለም። መነጽራቸውም የለም። አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። መሃል ላይ ሲደርሱ ለቀቋቸውና እየተወዛወዙ ለብቻቸው ቆሙ።

በእሳቸው ክፍል፣ እሳቸው ቆመው ተማሪ አይቀመጥም ነበር። ያን ጊዜ ይህን አሰብኩ ማለት አልችልም። ብቻ እጄን መሬት ላይ ተክዬ ተነሳሁ። ውስጥ እግሬ ገና አልዳነም፤ ቁስሉ ሲከፈት ተሰማኝ።

«ተቀመጪ!» አለ አንዱ ጠባቂ።

«መምህሬ ቆመዋል» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ለጠባቂው በእጁ ተዋት የሚል ምልክት ሰጠው። ልናገር የተነሳሁ መስሎት ነው።

«እሺ፣ ተናገሪ። ይህን ጽሑፍ ያዘዘሽ ማነው?»

«እሳቸው ያዘዙኝ ቤት ሥራ ነው» አልኩ። «በደንብ አልሠራሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መምህሬ ወደ ድምፄ ዞሩ። ያለ መነጽር የሚያዩኝ አይመስለኝም። «ይበቃል» አሉ። «ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አይደለም። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸራ የለበሰች ላንድሮቨር መጣች። በበሩ ቀዳዳ ያየች ሴት፣ «ሽማግሌውን ጫኗቸው» አለች። እኔ ስምንት ወር ቆይቼ ወጣሁ። ነፍሰ ጡሯ እዚያው ወለደች፤ ልጁ አልቆየም።

ስወጣ የአምስቱን ልጆች ነገር አጣራሁ። ሁለቱ እኔ ከመያዜ በፊት ተይዘው ኖሯል። አንዱ ሸሽቶ መንገድ ላይ ተገድሏል። አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም። አምስተኛው እኔን የጠቆመው ነው፤ የማይነበብ ጽሑፍ ያለበት ደብተር አላት ያለውም እሱ ነው። መምህሬ ያን ሁሉ ዱላ የቀመሱት ከእነዚህ መካከል ለማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

ባለቤታቸው ዘንድ ሄጄ ነበር። ስማቸውን የሰጠሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። በር ላይ እንደቆሙ አዳመጡኝ። «እሺ፣ ሰማሁ» አሉ። «ሁለተኛ ግን አትምጪብኝ።» አልሄድኩም። ወደ ግሪክኛውም አልተመለስኩም፤ የሒሳብ መምህርት ሆኜ ጡረታ ወጣሁ።

ባለፈው ዓመት ገላን ኮንዶሚኒየም ለቅሶ ሄጄ ድንኳን ውስጥ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ «አባባ» እያለ ይስማቸዋል። ድምፁን ስሰማ አወቅኩት፤ ሊቀመንበሩ ነው። እሱም አወቀኝ።

«የሐዲድ ሠራተኛው ልጅ አይደለሽም?» አለኝ። የአባቴን ጤና ጠየቀኝ፤ አርፏል አልኩት። ነፍስ ይማር አለ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «እኚያ መምህር... በሕይወት አሉ?» አለኝ።

ጥያቄውን የምር ነበር የጠየቀኝ። ማሾፍ አልነበረበትም።

«የወሰዳችኋቸው እናንተ ናችሁ» አልኩት። «መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ።»

«እኛ እኮ ለበላይ አካል ነው ያስረከብነው። ከዚያ ወዲያ የት እናውቃለን?» ከዘራውን በሁለት እጁ ያዘ። «ደግሞ ልጆች ነበርን።»

ንፍሮ ሲዞር ዘገነና ለእኔ አቀበለኝ። አልቀበልኩትም። ተነስቼ ሐዘንተኞቹን ተሰናብቼ ወጣሁ።

ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ብዙ ቆመን ነበር። ልጆች ነበርን ያለው ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፣ እሱ ሃያ ስምንት ወይም ሃያ ዘጠኝ። መምህሬ ሃምሳ አንድ ነበሩ። ይህን የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው፣ በር ላይ ቆመው። ያኔ ለሁላችንም ሽማግሌ ነበሩ፤ ስንጠራቸውም፣ ስንፈራቸውም፣ ሲወስዷቸውም እንደ ሽማግሌ ነው። እኔ ዛሬ ስድሳ ሰባት ሞልቶኛል። ሃምሳ አንድ ዓመት ምን ያህል እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።

ገና ብዙ ዓመት ያስተምሩ ነበር።