ድንጋይ ውስጥ ያደረው ቅጠል

አዲስ የተፈለጠ ድንጋይ ሽታ አለው። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ግንባታ አጠገብ ሳልፍ ካፊያ የነካው የድንጋይ ቁልል ሸተተኝ፤ የርጥብ አፈርና የተጫረ ክብሪት ዓይነት ሽታ። ቆም አልኩ። ይህን ነገር እስከ ዛሬ አለመንገሬ ገረመኝና ላጫውትህ ብዬ ነው።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ገደል ሥር ድንጋይ ይጠርብ ነበር። ከጥቁሩ አለት መሃል እንደ ደብተር ገጽ የተደራረበ ግራጫ ድንጋይ ይወጣል፤ ስለሚፈረካከስ ለግንብ አይሆንም። አንድ ቅዳሜ ምሳውን ይዤለት ስወርድ ከዚህ ድንጋይ አንዱን በመሮ ለሁለት ከፍሎ፣ እጁ ላይ አድርጎ ሲያየው ደረስኩ። መሃሉ ላይ መዳፌን የሚያህል ቡናማ ቅጠል ተኝቷል። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ ጫፉ ሦስት ቦታ ሾል ሾል ብሏል።

«ሱብሃነላህ!» አለ አባቴ። «ይሄን ማን ሣለው?»

ሰኞ ድንጋዩን በሻርፔ ጠቅልዬ ለባዮሎጂ መምህራችን ወሰድኩለት። መምህሩ ወጣት ነበር፣ ለሥራው የሚሞት። ድንጋዩን እንዳየ ከመሳቢያው አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ አወጣና የቅጠል ሥዕል አሳየኝ።

«ፕላታነስ ነው» አለ። «ዛፉ ዛሬ እኛ አገር ጫካ ውስጥ የለም። ጥንት ግን እዚህ የነበረው ጫካ ሌላ ነበር። ይሄ ምስክሩ ነው!»

በሁለት ወር ውስጥ ትምህርት ቤታችን ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጅ ነበርና የኔ ድንጋይ ከፊት እንዲቀመጥ ተወሰነ። መምህሩ «ፕላታነስ» የሚል ካርድ በሚያምር ጽሑፉ ጻፈለት።

ማታ ለአባቴ ስነግረው ለመግሪብ ውዱእ እያደረገ ነበር። ውኃው ከክንዱ ሳይደርቅ ቀና ብሎ አየኝ።

«ድንጋዩ ከኛ ገደል፣ ቅጠሉ ከሰው አገር? እስቲ ደህና አድርገሽ እይው።»

ደህና አድርጌ አየሁት። መምህሩ የመጽሐፉን ሥዕል በወረቀት እንድገለብጥ ፈቀደልኝ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ የቅጠሉን ደም ሥሮች በመርፌ ጫፍ እየተከተልኩ ቆጠርኩ። በሥዕሉ ላይ ከታች የሚነሡት ወፋፍራም ሥሮች ሦስት ናቸው። በድንጋዩ ላይ ግን ሰባት ሥሮች ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እንደ ጣት ተዘርግተዋል።

ይህንኑ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። መምህሩ ፊቱ ቀላ።

«ድንጋይ ውስጥ የገባ ቅጠል ይጨማደዳል። ሥር ያልሽው ስንጥቅ ነው» አለ። «መጽሐፉን ልታርሚ ነው እንግዲህ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጆሮዬ እንደ እሳት ጋለ። እልህ የያዘኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋዩ ላይ ያለውን የሚመስል ቅጠል ለቀማ ሆነ ሥራዬ። ሐርቡ ድረስ ወርጃለሁ። ጉሎ አመጣሁ፤ አከፋፈሉ በጣም ጥልቅ ነው። ሾላ አመጣሁ፤ ጠርዙ ጥርስ የለውም። ያመጣሁትን ሁሉ በአሮጌ ደብተር መሃል አድርጌ ከፍራሼ ሥር አስተኛዋለሁ፤ መኝታ ክፍሌ በሙሉ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸት ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ሦስት ቀን ሲቀረው የታመመች አክስቴን ልጠይቅ በሚኒባስ ወደ ቦሩ ሜዳ ሄድኩ። በመስኮት ሳይ አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ ዳር ካለ ዛፍ ልጥ ይልጣሉ። ቅጠሉን አየሁት።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

ሮጬ ደርሼ የዛፉን ስም ስጠይቃቸው ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ወልክፋ ነዋ! ልጡ ገመድ የሚሆነው። የማን ልጅ ብትሆኚ ነው ወልክፋ የማታውቂ?»

ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ይዤ ቆጠርኩ። ሰባት ነው።

በማግስቱ ቅጠሉን ይዤ መምህራን ክፍል ገባሁና ከድንጋዩ ጎን አስቀመጥኩት። «ቲቸር፣ እርስዎ ይቁጠሩት» አልኩ። በእስክሪብቶ ጫፍ ቆጠረ። አጉሊ መነጽር አምጥቶ ደገመው።

«ለዳይሬክተሩ እኮ ነግሬያለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ቢሆንም ሰባት ነው» አልኩ።

ካርዱን አንሥቶ ቀደደው።

«ወልክፋ ነው ማለት ግን አንችልም» አለ፣ አሁን በሌላ ድምፅ፣ እንደ እኩያው እያናገረኝ። «በመሃሉ ስንት ዘመን አለፈ። ‹ወልክፋን የሚመስል› እንበል። እስከምናውቀው ድረስ ብቻ እንበል።»

በኤግዚቢሽኑ ቀን መጀመሪያ ተሳስቶ እንደነበር ለእንግዶቹ የነገራቸው ራሱ ነው። የዚያን ቀን እሱን ያከበርኩትን ያህል ያከበርኩት ሰው የለም። በዓመቱ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ዳግመኛ አልተገናኘንም። ድንጋዩም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጦርነቱ ከተማችን የደረሰ ጊዜ፣ ጠፋ። አባቴ ያን አላየም፤ ቀድሞ ሄዷል፣ አላህ ይዘንለት።

በኤግዚቢሽኑ ቀን ግን መጥቶ ነበር። የታጠበ ኮፍያውን አድርጎ፣ ትምህርት ቤት የሚባል ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ረግጦ፣ ከጠረጴዛው ፊት ቆመ። ማንበብ አይችልም።

«አንብቢልኝ» አለኝ።

መምህሩ በጻፈው አዲስ ካርድ ላይ ድንጋዩን ማን እንዳገኘውና ቅጠሉን ማን እንደለየው የሚለውን አነበብኩለት።

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

«የኔ ስም የቱ ነው?»

«ይሄ። ይሄም» አልኩ፤ አንዱ የራሱ ነው፣ ሁለተኛው ከኔ ስም ቀጥሎ የተጻፈው።

«ያንቺስ?»

አሳየሁት። መሮ ያሻከረውን ጣቱን ስሜ ላይ አኖረ፤ ሰዎች ከኋላችን ተሰልፈው እስኪጠብቁ ድረስ አላነሣውም።