የሮማኑ ጠርሙስ

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ቡፌው ላይ ያለውን ባዶ ጠርሙስ አይቶ «ይህ ምን ያደርግልሻል?» ይለኛል። ልጄማ ሁለት ጊዜ ለቆራሌው ልትሰጠው ስትል ከእጇ ነጥቄአታለሁ። «ለአንድ የለስላሳ ጠርሙስ እንዲህ መቆጣት ምንድን ነው?» አለችኝ። ለጠርሙሱ አይደለም የምቆጣው። የምቆጣበት ሰው ምናልባት እስካሁን በሕይወት አለ፤ ጡረታውንም እየበላ ይሆናል። እሱን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

እናቴ የድሬዳዋ ልጅ ናት። አባቴ የጎጃም ሰው ነው፤ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ መካኒክ ሆኖ ተቀጥሮ ሹም አቦ ሰፈር በኪራይ ቤት እንኖር ነበር። የእናቴ አባት፣ አያቴ፣ ድሬዳዋ በአንዲት ትንሽ የለስላሳ ፋብሪካ ሽሮፕ ቀማሚ ነበሩ። ከሮማንና ከዝንጅብል የሚሠሩት አንድ ቀይ መጠጥ ነበራቸው። ፋብሪካው ተወርሶ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሲመጣ «ከእንግዲህ ብርቱካን ብቻ ነው የምንሠራው» ተባለና ሮማኑ በዚያው ቀረ። አያቴ ከመጨረሻው ሙሌት ሁለት ጠርሙስ በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ በባቡርና በአውቶቡስ ተንገላተው፣ እኛ ዘንድ ይዘው መጡ።

ጣና ዳር ወስደናቸው ነበር። ታንኳዎቹ ከዘጌ እንጨት ጭነው ሲመጡ ሰው ሁሉ እነሱን ያያል፤ አያቴ ግን ውኃውን በመዳፋቸው ጨልፈው አሸተቱና «ይህን ሁሉ ውኃ ይዛችሁ ለስላሳ አትሠሩም?» አሉ። ማታ ከጠርሙሶቹ አንዱን ለእኔና ለወንድሞቼ ከፈቱልን። እውነቱን ለመናገር አልወደድሁትም። መጀመሪያ ይጣፍጥና ኋላ ጉሮሮ ያቃጥላል። ፊቴን ሳጨማድድ እስኪያስላቸው ሳቁብኝ።

ሲሄዱ ሁለተኛውን ለእናቴ ሰጧት። «የእኔ እጅ ነው፤ ስናፍቅሽ ጠጪው» አሏት። አልጠጣችውም። ቡፌው ላይ አስቀምጣ በየሳምንቱ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ታብስለታለች። እንግዳ ሲመጣ ጠላ ይቀዳል እንጂ እሱ አይነካም። አባቴ «ታቦት አደረግሽው እኮ!» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ አያቴ አልጋ መያዛቸውን የሚናገር ደብዳቤ ደረሰን። ያኔ ራቅ ወዳለ አገር ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። እናቴ ቀበሌ ሄደች፤ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ነው ተባለች። በማግስቱ ሄደች፤ ማኅተሙ የለም ተባለች። በሦስተኛው ቀን ራሱን አገኘችው። «ሰው ሁሉ ዘመዴን ልጠይቅ እያለ ከሄደ አብዮቱን ማን ይጠብቀዋል?» አላት። ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በዓይኗ አይታዋለች። በእሷ ቦታ ብሆን ኖሮ ማኅተሙን ፊቱ ላይ እወረውርለት ነበር። እሷ እጅ ነስታ ወጣች።

አንድ ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ ልቆጣጠር ብሎ ራሱ ቤታችን መጣ። ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጥበቃ በር ላይ ቆመለት። እናቴ እግዜር እግሩን ያመጣላት መስሏት ደስ ብሏት ጠላ ቀዳች። እሱ ግን ዓይኑን ቡፌው ላይ ተክሏል።

«ጠላማ በየቤቱ ጠጣሁ። ያ ቀዩ ምንድን ነው? ለማን የተደበቀ ነው?»

«አባቴ የሠሩት ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። እኒያ ታመሙ ያልኩዎት።»

«እንግዲያው እንቅመሰዋ!»

አባቴን አየሁት። ፋብሪካ ውስጥ አለቃ የማይፈራ የሚባል ሰው መሬት መሬት ያያል። ምን ማድረግ ይችል ነበር የሚሉኝ አሉ። አውቃለሁ። ቢሆንም እስኪሞት ድረስ ተቀይሜው ኖሬአለሁ።

«መክፈቻውን አምጪ» አለችኝ እናቴ። ጠፋብኝ ማለት እችል ነበር። አመጣሁት።

ጋዙ ሞቶ ኖሮ ቆርኪው ሲነሳ ድምፅ እንኳ አላሰማም። በእኛ ዘንድ ለእንግዳ መጠጥ ሲቀርብ የቀዳው ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ እንደሌለበት ማሳያ ነው። ጠላ ሲሆን ማንም ልብ አይለውም። እናቴ ብርጭቆውን ሞልታ እንደ መርሳት አለችና ሳትቀምስ አቀረበችለት።

«ቅመሽዋ!» አላት እየሳቀ።

መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና «ደህና ነው፤ ይጠጡ» አለችው።

አንድ ጊዜ ተጎነጨለት። «ኤዲያ! የሳል መድኃኒት ነው እኮ!» ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሲጋራውን ሲጨርስ ቁራጩን እዚያው ውስጥ ጣለው። «የተረፈውን ለጥበቃው ስጡት፤ እሱ ያገኘውን ነው የሚጠጣ» አለና ተነሳ። ጠርሙሱን በር ድረስ የወሰድሁት እኔ ነኝ። ጥበቃው ቆሞ ጨለጠው፤ ከንፈሩን ጠርጎ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዴት ግሩም ነው!» ብሎ ባዶውን መለሰልኝ። እሱን አልተቀየምሁትም።

«ወረቀቱን ሰኞ ነይና ውሰጂ» ብሏት ነበር። ሰኞ ሴሚናር ሄዷል ተባለች። ወረቀቱ የተሰጣት በሳምንቱ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋን ስታስር ዘመዶቻችን መርዶውን ይዘው ገቡ።

እኔ ለብዙ ዓመት በአንድ ነገር እጽናና ነበር። በዚያ ሁሉ ውርደት መካከል፣ በወጉ ምክንያት፣ ቢያንስ አንድ ጠብታ የአባቷን እጅ ቀምሳለች እል ነበር። እናቴ ካረጀች በኋላ አንድ ቀን ጠርሙሱን እያጠብሁ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ የዚያን ዕለት እንዴት ነበር ጣዕሙ?»

ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ አበሰችው።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለችኝ። «የሰውየውን ፊት እያየሁ ነው የቀመስኩት።»