በሶ ውስጥ የደበቅሁት ክኒን

የልጄ የይታይሽ እጅ የሚንቀጠቀጠው አዲስ በሽታ ይዟት አይደለም! ይድናል! ስፌቷን ትጀምራለች! እልል በሉልኝ!

እንደምን ዋላችሁ ወዳጆቼ። እልል ካላችሁ በኋላ ደግሞ ታዘቡኝ።

ልጄ ከአረብ አገር ታማ ከመጣች ወዲህ የአእምሮ መድኃኒት እንደምትወስድ ታውቃላችሁ። (ጻፊው ያለችኝ ራሷ ናት።) መጀመሪያ ላይ «አልውጥም» ትል ስለነበር፣ አሁን «ውጫለሁ እማ» ስትለኝ አላመንኋትም። ያኔ የተረፈውን ክኒን እየፈጨሁ ጠዋት ጠዋት በበሶዋ እበጠብጥላት ነበር። ለካ የራሷንም በሰዓቱ ትውጥ ኖሯል!

ሰውነቷ ደረቀ፤ እጇ መርፌ አልይዝ አለ። እኔም በሽታው ባሰባት ብዬ በሶውን አዘወተርሁት።

ዛሬ ሐኪሟ «ከታዘዘልሽ ሌላ የምትወስጂው አለ?» ሲላት «ኧረ የለም» አለች። እዚያው ፊቷ ተናዘዝሁ።

መረመራትና ትርፉ ክኒን ሲቀር እጇ እንደሚመለስ ነገረን። «እናቴ፣ መድኃኒቱ የሚጠቅማት በልኩ ነው። ሲጠራጠሩ ይጠይቁን እንጂ በራስዎ አይጨምሩ፣ አያቋርጡባት» አለኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ይታይሽ «እማ፣ በሶሽ የሚመረኝ ለዚህ ነው? እኔኮ የጉና ገብስ ተበላሸ ብዬ!» ብላ ሳቀች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እንደኔ በፍቅር ያጠፋችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።

የፊታችን ማርያም ዝክሬ ነው፤ አንዳችሁም እንዳትቀሩ። አትስጉ፣ በሶውን የምትበጠብጠው ይታይሽ ናት።