ከሰዓት በኋላ ሁሉ ነገ ነው

ባኬ ጃማ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። የቀጠሮ ቀን በስልክ መልእክት የሚልከውን ፕሮግራም የሠሩት የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። ሱፍ ለብሰው መጡ፣ ጥሬ ሥጋ በሉ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ሄዱ። ለእኔ የተረፈኝ ቢደወል የማይነሳ ስልክና ራሳቸውም ደግመው ያላዩት ኮድ ነው።

የዓይን ሐኪም በየወሩ ብቅ ይልልናል። እሱ በሄደ ማግሥት ሁሌ ጥቂት ሰዎች ስልካቸውን ይዘው የቀጠሮ መስኮቱ ላይ ይቆማሉ። አንዷ ከኪራሙ ተፈናቅላ ሲሬ የተጠጋች፣ ወላጆቿ በሰፈራ ከወሎ የመጡ እናት ነበረች። የልጇን ዓይን ሐኪሙ ባለፈው አይቶ፣ ሕክምናው ከዘገየ እንደሚጠፋ ነግሯታል።

"አዴ፣ ቀንሽ ትናንት ነበር። ሐኪሙም ሄዷል" አላት የመስኮቱ ሠራተኛ።

"ኧረ ወንድሜ፣ ስልኩ ሐሙስ ነው የሚለኝ።"

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። እንደገና ተመዝገቢና ተራሽን ጠብቂ።"

ስልኩን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። እንጀራው ቀን መንገር ሆኖ ቀን ማንበብ የሚከብደው ሰው ነበር።

እኔ ተቀብዬ አየሁት። ሐሙስ ይላል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ኮዱን ስከፍት አፈርኩላቸው። መልእክቱ ላይ ቀኑ ብቻ እንዲወጣ ሰዓቱን መቁረጥ ሲገባቸው፣ ቀንን እንደ ሽንኩርት ኪሎ ወደሚቀርበው አጠጋግተውታል። ጠዋት የተቀጠረ ይድናል። ስድስት ሰዓት ያለፈው ሁሉ ወደ ነገ ይጣላል። ከሩቅ የሚመጡትን ደግሞ፣ መኪና እስኪያገኙ ብለን ሁልጊዜ ከሰዓት ነበር የምንቀጥራቸው። ደግነታችን መሆኑ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ስህተቱ የፕሮግራሙ መሆኑን፣ አንድ መስመር ብቀይር እንደሚበቃ ነገርኩት።

"ታዲያ የከተማው ሰው ለምን አይሳሳትም?" አለኝ። "ቀን የሚጠፋበት ገጠሬው ነው። ዕቃው ተፈትኖ የመጣ ነው፤ እንዳትነካው።"

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። በዚያው ሳምንት "የቀጠሮ ቀንዎን ያክብሩ" የሚል ማስታወቂያ በር ላይ አስለጠፈ። ናቅሁት፤ ዛሬም እንደናቅሁት ነኝ።

በሚቀጥለው ወር እሱም ዓይኑን ሊታይ ፈለገ። ጠዋት ስብሰባ ስላለበት ከሰዓት ተመዘገበ፤ መልእክቱም ደረሰው። መልእክቱ በነገረው ቀን ከረባቱን አስሮ፣ የገዛ ማስታወቂያውን አልፎ ገባ።

የመስኮቱ ሠራተኛ ከወንበሩ ተነሣ። "ኦቦ፣ ቀጠሮዎ ትናንት ነበር" አለ። እሱን ግን ተራህን ጠብቅ ያለው የለም። ሐኪሙ ሲሬ ደርሶ ነበር፤ ተደውሎለት ከዚያ ተመለሰ።

ሥራ አስኪያጁ ታይቶ ሲወጣ "ያቺን መስመር ዛሬውኑ አስተካክላት" አለኝ። ቢሮዬ ገብቼ አስተካከልኳት። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀችም።

የሴትዮዋ ተራ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። መልእክቷ በትክክል ረቡዕ ይላል። እሷ ግን ማክሰኞ ልጇን ይዛ መጣች።

"ቀጠሮሽ እኮ ነገ ነው፤ አሁን ፕሮግራሙ ተስተካክሏል" አልኳት።

"አውቃለሁ ወንድሜ። ቀን አታውቅም ከተባልሁ ወዲህ በዋዜማው ነው የምመጣ።"

አግዳሚው ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ልጁን አስተኛችው። በማግሥቱ ሐኪሙ አየውና ያ ዓይን እንደማይመለስ ነገራት።