ከምድር በታች ስም ሲጠራ

ሳዳዮ የከተማውን የምድር ውስጥ ባቡር «ጉድጓዱ» ነበር የምትለው። ጃፓን ውስጥ ፉኩኦካ ከተማ ልጇ ዘንድ ከገባች ሦስት ዓመት ቢሆናትም አንድ ቀን ወርዳበት አታውቅም። ዕድሜዋን የፈጀችው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ቅርጫት ስትጎትት ነውና፣ ከምድር በታች መግባት በቃኝ ብላለች።

ያን የሐምሌ ጠዋት ግን መውረድ ግድ ሆነባት። ልጇ ሚሳኦ ሆዷን ቀዶ ጥገና ልትደረግ ነው፤ «ከመግባቴ በፊት ዓይንሽን ልየው» ብላታለች። የከተማው ዓመታዊ በዓል ሰሞን ስለሆነ ደግሞ ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ ለአውቶቡስ ተዘግቷል።

ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር ምግብ የምትሸጠው ጎረቤቷ ቺዙሩ ጣቢያው ድረስ ሸኘቻት። ትኬት ቆርጣ ሰጠቻትና እስክትወጣ ድረስ እንዳትጥለው፣ መውጫው ላይ ያለው ማሽን ግን ውጦ እንደሚያስቀረው ነገረቻት።

«ደግሞ እትዬ ሳዳዮ፣ ግራ ቢገባዎት ጉድጓዱ የት ነው ብለው እንዳይጠይቁ። መቃብሯን የምትፈልግ አሮጊት መጣች ይላሉ። ቺካቴትሱ ይበሉ።»

«ከምድር በታች ያለ ብረት ማለት አይደል? ያው ጉድጓድ ነው።»

«ይሁንልዎት። ብቻ ጮክ ብለው አይንገሯቸው።»

ባቡሩ ጨለማው ውስጥ ሲገባ ሳዳዮ መቀመጫውን ጨምድዳ ያዘች። ወዲያው ከላይ፣ የሚቀጥለውን ጣቢያ የሚያስታውቅ የሴት ድምፅ መጣ፦ «ቀጥሎ ቶጂንማቺ።»

ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። በከሰል ጉድጓድ ሰው ሲሞት፣ ሬሳውን የሚያወጡት ሰዎች ስሙን እየጠሩ የደረሱበትን ቦታ ይነግሩታል፤ ነፍሱ መንገድ ጠፍቷት እዚያው እንዳትቀር። እሷም የባሏን ሬሳ ተከትላ ስትወጣ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ተጣርታለች፦ «ኩማዞ፣ መታጠፊያው ጋ ደርሰናል። እየወጣን ነው።» የሞተ ሰው ግን አቤት አይልም።

ዞር ብላ ብታይ ተሳፋሪው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል። «ቀጥሎ ኦሆሪ ኮኤን» አለ ድምፁ። ማንን ነው የሚያወጡት? ሚሳኦ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት። አካሳካ ጣቢያ ላይ በሩ ሲከፈት ዘላ ወረደች።

መውጫው ማሽን ፊት ትኬቷን ይዛ ቆመች። ከደረጃው በላይ ፀሐይ ይታያል። የጣቢያውን ሠራተኛ ቺካቴትሱውን ትታ በእግሯ ብትሄድ ሆስፒታሉ በጊዜ ትደርስ እንደሆነ ጠየቀችው። እግሯን አየት አደረገና፣ «እናቴ፣ በዚህ አረማመድ ለምሳ ይደርሳሉ» አላት።

እስከ ምሳ ሰዓት ሚሳኦ ቀዶ ጥገናው ክፍል ትገባለች። ሳዳዮ ፀሐዩን ትታ ተመለሰች።

በሁለተኛው ባቡር ጆሮዋን አቁማ ሄደች። ቴንጂን። ናካሱ ካዋባታ። ድምፁ ቦታ እንጂ የሰው ስም አልጠራም፤ የያዘችው ተስፋ ይህ ብቻ ነበር። ሆኖም ባወራ ቁጥር፣ አሁን የልጄን ስም ያስከትላል እያለች ትንፋሿን ትውጣለች። ጊዮን በሚባለው ጣቢያ ወርዳ ወደ ላይ ስትወጣ ልብሷ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል።

ሆስፒታሉ ውስጥ የልጇን ክፍል ስትፈልግ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ነርስ ብቅ አለችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተጣራች፦

«ወይዘሮ ሚሳኦ!»

ሳዳዮ ግድግዳውን ተደገፈች። ነርሷ ደግማ ልትጠራ አፏን ስትከፍት፣ ከመጋረጃው ጀርባ «አቤት» የሚል ድምፅ መጣ።

ሳዳዮ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ነርሷ ደንግጣ ልታነሳት ሮጠች።

«እኔን ተይኝ» አለቻት ሳዳዮ። «እሷን አንዴ ድገሚና ጥሪልኝ።»