ሱዚ የምትባል የለችም

ሰቆጣ ገበያው ዳር፣ ከልብስ ሰፊው ከየሻምበል ስፌት ቤት ጎን፣ ስድስት ብስክሌት ደርድራ የምታከራይ ሴት ነበረች። ከደጇ በላይ «ጥሩሐረግ ዓለምነህ የብስክሌት ኪራይና ጥገና» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ወንድሟ ምንዋጋው ነው በቀይ ቀለም የጻፈላት፣ ያውም ከሩቅ እንዲታይ አግንኖ። ታዲያ ማን ያንብበው! ከተማው በሙሉ «ዓረብ ሀገሯ» እያለ ነው የሚጠራት። «ዓረብ ሀገሯ ጋ ሂድና ጎማህን አስነፋ!» «ዓረብ ሀገሯ ዛሬ ከፍታለች?» ትሰማለች፣ ያንገበግባታል፣ ጎማዋን ትነፋለች።

ራሷ ብስክሌት ላይ ስትወጣማ ወሬው አይጣል ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ቀሚሷን ከሱሪዋ ላይ ቋጥራ፣ ያን ዳገት እያለከለከች ስትወጣ ያየ ሁሉ ያማትባል። እማሆይ ወለተ ገብርኤል አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆሟትና፣ «ምነው ልጄ፣ እግዜር እግር አልነሳሽ!» አሏት።

«በእግሬ እኮ ነው የምገፋው እማሆይ፤ እርስዎም ይሞክሩት» ብላ ፔዳሉን ረግጣ ሄደች። እንዲህ ናት።

ተወልዳ ያደገችው ከጽጽቃ ወረድ ብሎ፣ ተከዜ አፋፍ ላይ ነው። አባቷ ዓለምነህ ሰው አሻጋሪ ነበሩ። የፍየል ስልቻ በትንፋሽ ነፍተው፣ አፉን ጥርቅም አድርገው አስረው፣ ገበያተኛውን እያስያዙ ወደ ስሜን ወገን ያሻግሩ ነበር። ምንዋጋው ውሃ አይደፍርም፤ ስለዚህ አባትየው ሥራውን ያስተማሩት ለሴቷ ልጃቸው ነው። «የምትደርሺበትን ቦታ አትይ» ይሏታል። «ወደ ላይ አነጣጥረሽ ዋኚ፤ ውሃው ራሱ ገፍቶ ያወርድሻል። ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው አስከሬኑ ነው የሚገኘው።» ይህ ትምህርት አጥንቷ ውስጥ ገባ። በኋላ ጉድ ያደረጋትም እሱ ነው።

በ1989 ዓ.ም. ዝናቡ ሲቀርና አባቷ ሲያርፉ ወደ ሊባኖስ ሄደች። የደረሳት ቤት ተራራ ላይ ያለች መንደር ውስጥ ነበር። አሠሪዋ መዳም በመጀመሪያው ቀን ፓስፖርቷን ተቀብላ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ወዲያው ደግሞ፣ «ይሄ ስምሽ ምላስ ያስራል፤ ሱዚ እንበልሽ» አለች። በቃ! ሰባት ዓመት ሱዚ ሆነች። ሱዚ ጥረጊ፣ ሱዚ ተኩሺ፣ ሱዚ የት ገባሽ። አንድ ደስታ ነበራት፤ የቤቱ ትንሽ ልጅ ሪማ። ሪማን ብስክሌት ያስለመደቻት እሷ ናት፣ ኮርቻውን ይዛ ኋላ ኋላ እየሮጠች። ቆሻሻ ልትደፋ ስትወጣ ደግሞ ያችን የልጅ ብስክሌት ይዛ ትወጣና፣ ጉልበቷ አገጯን እየመታት፣ ራሷም ለመደች። በ1996 ፓስፖርቷን አስመልሳ ሀገሯ ገባች፤ ባጠራቀመቻት ገንዘብ የብስክሌት ቤቷን ከፈተች።

በ2001 ሚያዝያ ሪማ ስልክ ደወለች። «ላገባ ነው። አንቺ ከሌለሽ ሠርግ አይባልም። እንግዳዬ ሆነሽ ነይ» ብላ፣ ድሮ ባስቀጠራት ወኪል በኩል ቲኬት አስላከችላት። ጥሩሐረግ ሱቋን ለምንዋጋው አደራ ሰጥታ ሄደች። ፓስፖርቷን ግን ከመቀነቷ ሥር አስራ ነው የገባችው፣ ተኝታም አልፈታችው።

መዳም በር ላይ አቅፋ ሳመቻት። ለቀቅ ስታደርጋት ደግሞ፣ «እሰይ ሱዚ መጣሽልን፤ ሽርጡ ድሮ የነበረበት ቦታ ነው» አለቻት። ወይ እንግድነት! ጥሩሐረግ ሽርጡን አነሳች፣ በደንብ አጠፈችው፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«መዳም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የመጣሁት ለሠርግ ነው።»

መዳም ፊቷ ተለዋወጠ። በዚያው ሳምንት መንደሩ የዓመቱን ውድድር ያዘጋጅ ነበር፤ መጀመሪያ የመስኖ ኩሬውን በዋና ማቋረጥ፣ ከዚያ በጫካው በብስክሌት፣ በመጨረሻ እስከ ቤተክርስቲያኑ አደባባይ በሩጫ። በረዶው ሟሙቶ፣ ዝናብ ተጨምሮበት፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነበር። ረፋዱ ሦስት ሰዓት ተጀምሮ፣ የቤተክርስቲያኑ ደወል ስድስት ሰዓት ሲደውል መዝገቡ ይዘጋል፤ ከደወሉ በኋላ የመጣ እንዳልመጣ ይቆጠራል። ተመዝጋቢውን የሚጽፈው፣ ጨርሶ የሚገባውንም በድምፅ ማጉያ የሚጠራው የመዳም የበኩር ልጅ ጃድ ነው።

ጥሩሐረግ ልመዝገብ ብላ ፊቱ ቆመች። ጃድ ሳቀ። ደረት ላይ የሚሰካ የአርባ አንድ ቁጥር ጨርቅ ሰጣትና ከቁጥሩ ሥር በዓረብኛ «ሱዚ» ብሎ ጻፈበት። እሷም እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀበለች፤ ሰረዘችው፤ በራሷ ፊደል «ጥሩሐረግ ዓለምነህ» ብላ ደመቅ አድርጋ ጻፈች።

«ይህን እዚህ ማንም አያነበውም» አላት።

«እኔ አነበዋለሁ። በል ስማኝ፤ ጥሩሐረግ ዓለምነህ። አንተም በለው።»

እየሳቀ አንድ ጊዜ ደገመው። «እሺ፤ ደወሉ ሳይደወል ከደረስሽ ይህን የሚያክል ስምሽን ከነአባትሽ በማጉያው እጠራዋለሁ። ግን አትደርሺም።»

«እናያለና!» አለችው። ሽልማት አላማራትም። ሰባት ዓመት በተቀበረችበት መንደር፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ስሟን ማሰማት ነው የፈለገችው። ይህን ሳትሰማ ወደ ሰቆጣ እንደማትመለስ ለራሷ ማለች።

በውድድሩ ጠዋት የሪማን ብስክሌት ገልብጣ የፊትና የኋላ ፓራፋንጎውን፣ ያን የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ፣ ፈታ ጣለችው። «ጀርባሽ ሁሉ ጭቃ ይሆናል!» አለች ሪማ። «ይሁን፤ እኔ እታጠባለሁ» አለቻት። የሰቆጣን ክረምት የነዳ ሰው የሚያውቀውን፣ ያ ሁሉ ባለብስክሌት አላወቀም።

ፊሽካ ተነፋ፤ አርባ ሰዎች ከእሷ ጋር ኩሬው ውስጥ ዘለው ገቡ። ውሃው እንዴት ያለ ብርድ ነው እናንተ! ከአፏ የወጣው ስድብ በሀገሯ ቋንቋ በኽምጥኛ ነበር፣ ደግነቱ ማንም አልገባው። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ እንደ አባቷ እጇን መወርወር ጀመረች። ልቧ ሞላ። ዋኘች፣ ዋኘች፣ ቀና ስትል ከፊቷ ያለው ቄጤማ ብቻ ነው። ሰው የለም። መውጫው ወዲያ በስተቀኝ፣ መቶ እርምጃ ርቆ፣ ሰዉ ተራ በተራ እየወጣ ነው።

ለካ ወደ ላይ አነጣጥራ ኖሯል! ወራጅ በሌለበት፣ የተኛ ኩሬ ውስጥ፣ ገፍቶ የሚያወርዳትን ተከዜ ስትጠብቅ! እዚያው ቄጤማ መሃል ቆማ ሳቀች። «አባዬ፣ ዛሬስ አዋረድከኝ» አለች። ከዚያ ዳር ዳሩን ዋኝታ ከሁሉም ኋላ ወጣች። ዳር የቆሙት አጨበጨቡላት፤ ያ የማዘን ጭብጨባ አንጀቷን አሳረራት።

ጫካው ግን አፏን በሳቅ ሞላው። ጭቃው በየፓራፋንጎው ውስጥ ተጠቅጥቆ ጎማ አላዞር ብሎ፣ ጎረምሳው ሁሉ በእንጨት እየፈለፈለ ነው። የእሷ ጎማ ጭቃውን ወደ ጀርባዋ እየወረወረ ይሄዳል። አንዱን አለፈች፣ ሦስቱን አለፈች። አንድ ቁልቁለት ላይ ካቴናዋ ወለቀ፤ ወርዳ መለሰችው፤ ልብስ ሰፊው የሻምበል መርፌ ላይ ክር እስኪያስገባ ድረስ እንኳ አልፈጀባትም። ብስክሌቱን ጥላ ሩጫ ስትጀምር ሃያ ስምንት ሰው ከኋላዋ ነበር።

ሩጫው ገደላት። እውነቱን እንናገር፣ ሯጭ አይደለችም። ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ አንድ ጊዜ በአራት እግሯ ሄደች። ጥርሷን ነክሳ አደባባዩን ስታይ ግን ደወሉ ገና አልተደወለም። አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። መስመሩ በኖራ ተሠምሯል፤ ከአጠገቡ ጃድ ማጉያውን ይዟል፤ መዳም ከእንግዶቿ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጣለች።

ጃድ አያትና ጮኸ። «ሱዚ! ይኸው የኛዋ ሱዚ!»

ጥሩሐረግ መስመሩ ጋ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቀጥ አለች።

ሰው እግሯን የያዛት መሰለው። አንዱ ውሃ አመጣላት፤ በእጇ መለሰችው። «ስሜን ጥራ» አለችው ጃድን።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ሆነሻል!»

«ስሜን ጥራ።»

አንዱ ሯጭ አልፏት ገባ። ሌላው ተከተለ። ጭቃው ፊቷ ላይ እየደረቀ ነው። መዳም ከጥላዋ ተነስታ መጣችና በለሆሳስ፣ «ሱዚ፣ በሰው ፊት አታዋርጂን» አለቻት።

«መዳም፣ እዚህ ሱዚ የምትባል የለችም። ሰባት ዓመት ፈልጌያት አጣኋት፤ እርስዎ ካገኟት ይጥሯት።»

 ሪማ እየሮጠች መጣች፣ ወንድሟን ለመቆጣት አፏን ከፈተች። ልትጠራላት ነበር። ስሟን ግን አታውቀውም። ያሳደገቻትን ሴት ስም አታውቀውም። ዐይኗ እንባ ሞላ። ያን ጊዜ ነው ጥሩሐረግን ሆድ የባሳት፤ ቢሆንም አልተነቃነቀችም። ስድስተኛው አልፏት ገባ፤ ሰባተኛው ገባ። ደወል ደዋዩ ሽማግሌ ሰዓቱን አየና ገመዱን ጨበጠ።

«ጥራት እንጂ!» ብላ ሪማ ወንድሟ ላይ ጮኸች። «አንተ ታውቀዋለህ፣ ነግራሃለች! ጥራት!»

ጃድ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ። «ትሩሃረግ...» አለ። ጠበቀችው። «ትሩሃረግ አለምነህ» አለ፣ በዚያ በተራራው ሁሉ በሚያስተጋባ ድምፅ። ምላሱ «ጥ»ን አልቻላትም። ይሁን፣ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃዋል። አንዷን እርምጃ ተራመደች፤ እግሯ ኖራውን ሲነካ ደወሉ ደወለ።

ሃያኛ ወጣች። ሜዳሊያ የለ፣ ምን የለ። ሪማ ግን እስከ ሠርጉ ቀን ስሟን እያነበነበች ሰነበተች፤ በሠርጉም ከእናቷ ጎን አስቀመጠቻት።

ግንቦት ላይ ሰቆጣ ተመለሰች። አርባ አንድ ቁጥሯን፣ ጭቃው እንኳ ሳይታጠብ፣ ከብስክሌቶቹ በላይ ሰቀለችው። በማግስቱ ጠዋት ሳፋ ውስጥ ከመነዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ነክራ የሚተነፍስበትን ስትፈልግ፣ የሻምበል ከስፌት ቤቱ በር ላይ ሆኖ ተጣራ።

«አንቺ ዓረብ ሀገር! እንኳን በደህና መጣሽ!»

ከመነዳሪውን አገላበጠች።

«ዓረብ ሀገሯ! ኧረ አትሰሚም እንዴ?»

ትሰማለች። ቀዳዳውን አገኘች፤ በጣቷ ያዘችው፤ በጨርቅ አደረቀችው፤ ማስቲሹን ቀባች። የሻምበል ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሱቋ ደጃፍ መጥቶ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አያት፣ ቀና ብሎ የተሰቀለውን ቁጥር አየ፣ ወጣ ብሎም አምስት ዓመት ሙሉ በሥሩ ሲያልፍ የኖረውን ቆርቆሮ አንጋጦ አየው።

«ጥሩሐረግ» አለ።

«አቤት» አለችው፣ ቀና ብላ።